አፌ ለንደን፣ ጆሮዬ ፒያሳ!

"እንግሊዝኛማ ለሱ ተዉለት! ዓይናችሁን ከጨፈናችሁ ቢቢሲ ነው የሚመስላችሁ!"

ይህን የምትለው ታናሽ እህቴ ናት። ለጓደኞቿ ስታስተዋውቀኝ ከስሜ ቀጥላ የምትናገረው ይህንኑ ነበር። እኔም ደስ ይለኛል፤ ለምን እዋሻለሁ? ሰፈር ውስጥ "እንግሊዙ" የሚል ቅጽል ስም ወጥቶልኝ ነበር። ስሙን ያወጡልኝ ልጆች ሙድ እየያዙብኝ እንደሆነ ባውቅም፣ ውስጥ ውስጡን ግን እኮራበት ነበር።

ውድ አንባብያን፣ ዛሬ የማጫውታችሁ ይኸው አነጋገሬ እንዴት ሥራ እንዳስገኘልኝ፣ በ52ኛው ቀን ደግሞ እንዴት ባዶ እጄን እንደወጣሁ ነው። ታሪኩ የራሴ ነው። የመሥሪያ ቤቱንም የሰዎቹንም ስም አልጠቅስም፤ ጥፋቱም የኔው ነው። ሥራ ፍለጋ ላይ ያላችሁ፣ ወይም ሥራ ጀምራችሁ የሙከራ ጊዜያችሁን በጣት የምትቆጥሩ ወጣቶች ግን እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

ሁለት ዓመት ከመስታወት ጋር

ኮሌጅ ከጨረስኩ በኋላ ሁለት ዓመት ያህል ሥራ አጥቼ ቤት ተቀምጬ ነበር። ጠዋት ሁሉም ወደየሥራው ሲወጣ ቢቢሲ ወርልድ ሰርቪስን እከፍትና መስታወት ፊት እቆማለሁ። ዜና አንባቢው ያለውን እኔም እላለሁ። "ካር" የነበረው "ካ" ሆነ። "ማናጀር" ቀረና "ማኒጀ" አልኩ፤ እንግሊዞች "ር"ን ከኋላዋ አናባቢ ካልተከተላት አይጠሯትማ! እንደ አሜሪካኖቹ "ስኬጁል" ማለቱን ትቼ "ሼድዩል" ያዝኩ። እኛ በአማርኛ የሌለንን፣ "ሲንክ" ወይም "ቲንክ" እያልን የምናልፈውን ድምፅ ለማውጣት ምላሴን በጥርሶቼ መሐል እየሰነቀርኩ ስለማመድ፣ እናቴ "ይሄ ልጅ ምላሱን ምን ነካው?" ብላ ደንግጣ ነበር።

አንድ ነገር ግን አላደረግኩም። መዝገበ ቃላት አልገለጥኩም። አንድም የንግድ ደብዳቤ አላነበብኩም። ዜናው ስለ ወለድ ይሁን ስለ ዕዳ ጉዳዬ አልነበረም። ለኔ ዜማ ነበር፤ ዜማውን ነው ያጠናሁት።

በሩ ተከፈተ

ከዚያ አንድ ዕቃ አስመጪ ድርጅት ለቃለ መጠይቅ ጠራኝ። ኮሪደሩ ላይ ተራ ስንጠብቅ ከኔ በፊት የገባ ልጅ ላብ በላብ ሆኖ ወጣ። ምን ሆንክ ስለው ነገረኝ። "ለምን እዚህ መሥራት ፈለግህ?" ሲሉት በእንግሊዝኛ የሥራ ሕይወቴን ማሳደግ እፈልጋለሁ ለማለት ያስባል። የሥራ ሕይወት "ከሪር" ነው፤ ጉልበቱ ያለው ሁለተኛው ላይ ነው። እሱ ግን የመጀመሪያውን አጠንክሮ "ካሪየር" አለ። "ካሪየር" ማለት ደግሞ ዕቃ አጓጓዥ ነው! ከጠያቂዎቹ አንዱ "በመርከብ ነው በአየር?" ብሎ ሲቀልድ ሌሎቹ ሳቁ። ልጁም እዚያው ቀለጠ።

እኔም ሳቅሁ። ልጁ በማዕረግ የተመረቀ መሆኑን የሰማሁት በኋላ ነው።

እኔ ገባሁ፤ "ጉድ አፍተኑን" አልኩ፤ በቃ! ሰዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ያወራሁት ነገር አሁን ሳስበው ባዶ ነበር። የጻፍኩትን እንኳ ሳያዩ ተቀጠርኩ። ሥራዬም ከውጭ አገር አቅራቢዎች ጋር መጻጻፍ ሆነ።

በዚያ ቢሮ አንዲት ሂሳብ ሠራተኛ ነበሩ። ሁላችንም እትዬ እንላቸዋለን። ከ20 ዓመት በላይ በዚሁ ሙያ የሠሩ ናቸው። እንግሊዝኛቸው ግን... "ስቶር" አይሉም፣ "እስቶር" ነው የሚሉት። "ደረሰኝ" ለማለት "ሪሲፕት" ይላሉ፤ "ፕ" ትጻፋለች እንጂ አትጠራም፤ ትክክሉ "ሪሲት" ነው። እኔ ሻይ ሰዓት ላይ እሳቸውን እያስመሰልኩ ጸሐፊዋን አስቃት ነበር። አንድ ቀን ከኋላዬ ቆመው ሰሙኝ። ምንም አላሉም። ብርጭቋቸውን ይዘው ሄዱ።

ሦስት ዓረፍተ ነገር

ሐምሌ ውስጥ ነው። ለአንድ ማተሚያ ቤት የማሽን መለዋወጫ ከእንግሊዝ አገር አዝዘን ነበር። ማተሚያ ቤቱ ለመስከረም የሚደርስ የደብተር ሥራ ይዞ ማሽኑ ቆሞበታል። ከአቅራቢው አጭር ኢሜይል መጣ። ሥራ አስኪያጁ መኪናቸው ውስጥ ሊገቡ ሲሉ "ምንድን ነው የሚሉት? ባጭሩ ንገረኝ" አሉኝ።

ኢሜይሉ ሦስት ነገር ይላል። ሂሳባችሁ ላይ "አውትስታንዲንግ ባላንስ" አለ። "አት ዮር ኧርሊየስት ኮንቪኒየንስ" ብትከፍሉ። እስከዚያው ዕቃችሁን "ሆልድ" አድርገናል።

እኔም ደረቴን ነፍቼ ተረጎምኩ። "አውትስታንዲንግ" ትምህርት ቤት ሳለን ጎበዝ ተማሪ የሚባልበት ቃል አይደል? "ሂሳባችሁ እጅግ ጥሩ ነው ይላሉ። ሲመቻችሁ ክፈሉን፣ እስከዚያ ዕቃችሁን ይዘንላችኋል ነው የሚሉት" አልኩ።

"እንዴት ያሉ ጨዋ ሰዎች ናቸው!" አሉ ሥራ አስኪያጁ። ለነሱ ሊከፈል የታሰበው ገንዘብም ለሌላ ጉዳይ ዋለ።

ጉዱ ሦስት ሳምንት ቆይቶ ፈነዳ። በንግድ ቋንቋ "አውትስታንዲንግ" ማለት ያልተከፈለ፣ የተንጠለጠለ ዕዳ ነው። "አት ዮር ኧርሊየስት ኮንቪኒየንስ" ማለት ሲመቻችሁ ሳይሆን "በተቻለ ፍጥነት፣ ቶሎ በሉ" ማለት ነው፤ እንግሊዝ ሲቆጣ እንደዚህ ነው የሚናገረው። "ሆልድ አድርገናል" ደግሞ ይዘንላችኋል ሳይሆን "ይዘንባችኋል፣ ካልከፈላችሁ አንልክም" ነው። ሦስት ዓረፍተ ነገር፣ ሦስቱንም ገልብጬ!

ማተሚያ ቤቱ ውሉን አፈረሰ። ቀብዱንም አስመለሰ። ሁለተኛው ኢሜይል ሲመጣ ያነበቡት እትዬ ነበሩ። ከመነጽራቸው በላይ አዩኝና "የፊተኛውን ማነው ያነበበው?" አሉ። መልስ አላስፈለገም።

በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀናት አይበልጥም። በዚያ ጊዜ ውስጥ ለሥራው ብቁ አይደለህም ከተባልክ ያለ ማስጠንቀቂያና ያለ ካሳ ትሰናበታለህ። እኔ 52ኛው ቀን ላይ ነበርኩ። ወረቀቴን ተቀብዬ ደረጃውን ስወርድ እትዬ ከኋላዬ ደረሱብኝ። ሊሰድቡኝ ነው ብዬ ነበር።

"ልጄ" አሉኝ፤ "አፍህ ለንደን ደርሷል። ጆሮህ ግን ገና ፒያሳ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ቤት ና።"

የእትዬ ደብተር

ሄድኩ። ቡና ተፈልቷል። ጠረጴዛው ላይ ጠርዙ ያለቀ ደብተር አለ። በየገጹ ሦስት ዓምድ ተሰምሯል፤ ቃሉ፣ ትምህርት ቤት ያስተማሩን ትርጉም፣ ቢሮ ውስጥ ያለው ትርጉም። በየሥራ ዘመናቸው ያሳሳታቸውን ቃል ሁሉ ጽፈውበታል። "እኔም እንዳንተ ተሳስቻለሁ፤ ልዩነታችን እኔ ጻፍኩት" አሉኝ። ጥቂቱን ላካፍላችሁ።

"ኢንተረስት" ትምህርት ቤት ፍላጎት ነው፤ ባንክ ቤት ወለድ ነው። "ፕሪንሲፓል" ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ነው፤ ባንክ ቤት ወለዱ ሳይታሰብ ዋናው የብድር ገንዘብ ነው። "ፋይን" ደህና ማለት ነው፤ ጉምሩክ ሲጽፍላችሁ ግን ቅጣት ነው። "ኮቴሽን" ጥቅስ ነው፤ ቢሮ ውስጥ ግን የዋጋ ማቅረቢያ ነው፤ እኛ ፕሮፎርማ የምንለው። "ድራፍት" ሰፈር ውስጥ ቢራ ነው፤ ቢሮ ውስጥ ረቂቅ ጽሑፍ ነው፤ ባንክ ቤት ደግሞ የክፍያ ሰነድ ነው። አለቃችሁ "ድራፍቱን አምጣ" ቢሏችሁ ወደ ግሮሰሪ እንዳትሮጡ!

ሁለት ቃላት ላይ በቀይ እስክሪብቶ አስምረውባቸዋል። አንዱ "ሰብጀክት ቱ" የሚለው ነው። "ሰብጀክት ቱ አፕሩቫል" ተብሎ የተጻፈ ውል ገና አልጸደቀም፤ ሊቀር ይችላል። ጸድቋል ብላችሁ ድግስ አትደግሱ። ሌላው "ሪደንደንት" ነው። በእንግሊዞች ደብዳቤ አንድ ሠራተኛ "ሪደንደንት" ሆኗል ከተባለ የሥራ መደቡ ታጥፎ ከሥራ ወጥቷል ማለት ነው።

እንግሊዞቹና አሜሪካኖቹ ራሳቸው የማይግባቡበት ቃልም አለ። በስብሰባ ላይ አንድን ጉዳይ "ቴብል" እናድርግ ሲል እንግሊዙ አሁን እንወያይበት ማለቱ ነው፤ አሜሪካዊው ግን ለሌላ ጊዜ እናቆየው ማለቱ ነው። ዊንስተን ቸርችል በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማስታወሻቸው ላይ የሁለቱ አገር ሹማምንት በዚህች አንዲት ቃል ምክንያት ረጅም ክርክር መግጠማቸውን ጽፈዋል። "ቢሊዮን"ም እንዲሁ ነበረች። እንግሊዞች አንድ ሚሊዮን ሚሊዮን ይሉ የነበረውን መንግሥታቸው ትቶ እንደ አሜሪካኖቹ አንድ ሺህ ሚሊዮን ያደረገው እ.ኤ.አ. በ1974 ነው። ባለቤቶቹ እንዲህ ከተሳሳቱ እኛ ጠይቀን ብንረዳ ምን ነውር አለው?

ቀንና ሰዓትም ጣጣ አለው። 04/07 ብሎ የጻፈ እንግሊዝ ጁላይ 4 ማለቱ ነው፤ አሜሪካዊ ከሆነ ኤፕሪል 7 ነው። እንግሊዝ "ሃፍ ቴን" ካላችሁ 10፡30 ነው፤ በኛ አቆጣጠር 4፡30። "ፎርትናይት" ካላችሁ ሁለት ሳምንት ነው። ወሩን በፊደል ጻፉ፤ ሰዓቱ የየትኛው አገር እንደሆነ ጨምሩበት፤ ትገላገላላችሁ።

እነሱም ሰምና ወርቅ አላቸው

ከሁሉ የገረመኝ ግን የእንግሊዞች ጨዋነት ነው። "አይ አም አፍሬድ" ብሎ የጀመረ እንግሊዝ አልፈራም፤ መጥፎ ዜና ሊነግራችሁ ነው። "ዊዝ ሪስፔክት" ካላችሁ አልተስማማም። ሐሳባችሁን ሰምቶ "ኢንተረስቲንግ" ብሎ ዝም ካለ ብዙ ጊዜ አልወደደውም።

"ይሄ ለምን ይገርምሃል?" አሉኝ እትዬ። "እኛስ ብድር ሊጠይቀን የመጣን ሰው 'እሺ ነገ' ስንለው ነገ እንሰጠዋለን? ሰምና ወርቅ ባለበት አገር ተወልደህ የእንግሊዝን ሰም እንዴት እንደ ወርቅ ትወስዳለህ?"

ቡናው ትን አለኝ።

እውነተኛው "የእንግሊዝ አፍ" የቱ ነው?

ከዚያ በኋላ ያ ሁለት ዓመት የደከምኩበት አነጋገር ከየት እንደመጣ ለማወቅ ጓጓሁ። በመዝገበ ቃላት ገብቶ የምናገኘው "የእንግሊዝ አነጋገር" የሁሉም እንግሊዛዊ አነጋገር አይደለም ለካ! የደቡብ እንግሊዝ የተማሩ ሰዎችና ልጆቻቸውን በታወቁ አዳሪ ትምህርት ቤቶች የሚያስተምሩ ቤተሰቦች አነጋገር ነው። ዳንኤል ጆንስ የሚባል የድምፅ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1917 ባወጣው የአነባበብ መዝገበ ቃላት መዘገበው። በ1922 የተቋቋመው ቢቢሲም በ1926 የዜና አንባቢዎችን አነጋገር የሚወስን ኮሚቴ አቋቋመ። ከ1930 ጀምሮ የኮሚቴው ሰብሳቢ ማን እንደነበረ ታውቃላችሁ? በርናርድ ሾው፤ እሱም የአየርላንድ ሰው! በ1941 ቢቢሲ የዮርክሸሩን ተወላጅ ዊልፍሬድ ፒክልስን ከነአገሩ ቅላፄ ዜና ቢያስነብበው አድማጩ ጉድ አለ። ዛሬ ግን በዚያው ጣቢያ ከየአገሩና ከየክፍለ አገሩ የመጣ ቅላፄ ይሰማል።

ይኸው ሾው "ፒግማሊዮን" የሚባል ተውኔት አለው። አንዲት አበባ ሻጭ ልጃገረድ የትልልቅ ሰዎችን አነጋገር ተምራ እመቤቶች መሐል ትቀርባለች። ቃላቱን እንደ እመቤት ታወጣቸዋለች፤ የምታወራው ግን ስለ ሟች አክስቷና ስለ አረቄ ነው! ያንን ሳነብ ራሴን ከነኢሜይሌ አየሁት።

ታዲያ አነጋገር ይቅር?

ኧረ በጭራሽ! እትዬም እንደዚያ አላሉም። ሰው የማይሰማው ቃል እንዳልተነገረ ነው። ነገር ግን ከ"ር" መዋጥ በፊት የሚቀድሙ ነገሮች አሉ።

አንደኛው የጉልበቱ ቦታ ነው። እኛ "አለ" ብለን ስናላላው ተናገረ ማለት ነው፤ ስናጠብቀው ይገኛል ማለት ነው። ባዕድ ሰው ይህንን ካልለየ አይገባንም። በእንግሊዝኛ ደግሞ ያንን ሥራ የሚሠራው ጉልበቱ የሚያርፍበት ቦታ ነው። "ኢምፖርት" ሲባል ጉልበቱ መጀመሪያው ላይ ካረፈ ገቢ ዕቃ ነው፤ መጨረሻው ላይ ካረፈ ማስገባት የሚለው ግሥ ነው። "ኤክስፖርት"፣ "ሪፈንድ"፣ "ኢንክሪዝ"፣ "ሪኮርድ" ሁሉም እንዲሁ ናቸው። ያ ኮሪደር ላይ የቀለጠው ልጅ የጎደለችው ይህችው ነበረች፤ ባንድ ከሰዓት የምትስተካከል!

ሁለተኛው ቁጥር ነው። 13ና 30፣ 15ና 50 በስልክ ሲነገሩ አንድ ይመስላሉ። "ቲን" ሲሆን መጨረሻውን አስረዝሙት፣ "ን"ንም አሰሙ፤ "ቲ" ሲሆን አሳጥሩት። ገንዘብ ከሆነ ደግሞ "አንድ አምስት ነው ወይስ አምስት ዜሮ?" ብላችሁ ደግማችሁ ጠይቁ።

ሦስተኛው ድምፅ ማስረዘምና ማሳጠር ነው። ወረቀት ስትጠይቁ "ሺ...ት" ብላችሁ ካላስረዘማችሁት ፈረንጁ ፊቱ ይቀላል። ለምን እንደሆነ አልነግራችሁም!

አራተኛው የማይነበቡ ፊደላት ናቸው። ዕዳ "ዴት" ነው፤ መሐሉ ላይ ያለችው "ቢ" አትነበብም። በቤት ወይም በመሬት መያዣ የሚሰጥ ብድር "ሞጊጅ" ነው፤ "ቲ"ዋ ተውጣለች። ረቡዕ "ዌንዝዴይ" ነው።

ለመጀመር የምትፈልጉ

1. በሦስት ዓምድ የተሰመረ ደብተር ይኑራችሁ። በቀን አምስት ቃል ይበቃል። ቃሉን ለብቻው አትጻፉት፤ ከነዓረፍተ ነገሩ ጻፉት።

2. ከራሳችሁ ሙያ ጀምሩ። ጉምሩክ የምትሠሩ የጉምሩክን፣ ሆቴል የምትሠሩ የሆቴልን። የዓለምን ቃል ሁሉ አትጨርሱትም።

3. የኬምብሪጅም ሆነ የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት በኢንተርኔት በነፃ አለ። የእንግሊዝና የአሜሪካ አነጋገር ለየብቻ የድምፅ ምልክት አላቸው። አንዱን ምረጡና ጽኑበት። ቢቢሲም ለተማሪዎች የሚያዘጋጀው የነፃ ትምህርት አለው።

4. ድምፃችሁን በስልካችሁ ቅዱና ከዋናው ጋር አስተያዩት። መጀመሪያ ያሳፍራል፤ ሁለተኛ ሳምንት ላይ ይለመዳል።

5. ኢሜይል ስትተረጉሙ ቆማችሁ አትተርጉሙ! ቁጭ በሉ፣ የምታውቁትን ቃልም ቢሆን ፈትሹ። ያሳሳተኝ የማላውቀው ቃል አልነበረም፤ የማውቀው የመሰለኝ ነው።

6. ያልገባችሁን ጠይቁ። ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል ይባላል፤ ካለመጠየቅ ደግሞ እንጀራ ይቀራል።

ከስምንት ወር በኋላ በሌላ ድርጅት ለቃለ መጠይቅ ቀረብኩ። አንዱ ጠያቂ የማላውቀውን ቃል ጣል አደረገ። የድሮው እኔ ቢሆን በሚያምር "ር" አልባ እንግሊዝኛ ዙሪያውን ይዞር ነበር። እኔ ግን "ይቅርታ፣ ይህ ቃል እናንተ ዘንድ ምን ማለት እንደሆነ ቢያብራሩልኝ?" አልኩ። ሰውዬው ብዕሩን አንስቶ አንድ ነገር ጻፈ። አለቀልኝ ብዬ ነበር። ተቀጠርኩ። ምን እንደጻፈ ወር ቆይቶ ነገረኝ፤ "ይህ ልጅ ይጠይቃል" ብሎ ነው።

እትዬ አሁን ጡረታ ወጥተዋል። ደብተሩን ለኔ ሰጥተውኛል፤ እኔም ከኋላው ብዙ ገጽ ጨምሬበታለሁ። በዚያ ሻይ ሰዓት ስላደረግኩት ነገር ይቅርታ ስጠይቃቸው "ሰምቼህ ነበር፤ ደግሞም አሳቀኸኝ" አሉኝ። ይቅርታዬን ተቀበሉ ወይስ ሰምና ወርቅ ነው? እስከ ዛሬ አላወቅኩም።

አሁንም "ሪሲፕት" ይላሉ። እኔ ግን አልስቅም። ያቺን "ፕ" በሰማሁ ቁጥር ያንን ኢሜይል አስታውሳለሁና!

ቸር ይግጠመን።